ዘጠኝ ከአሥር

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ጣሪያው ላይ፣ የምወደው ሰው ኮርኒሱ ሥር፣ እኔ ደግሞ መሀል ቤት ነበርን። ሦስታችንም ተኮራርፈናል።

ወንድሜን «ጋሼ» ነው የምለው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። መሐንዲስ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ በወረቀት ላይ ሲሠራ ኖሯል፣ በገዛ እጁ ሚስማር ሲመታ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከሦስት ምት አንዱ ጣቱ ላይ ያርፋል። ጣቱን በመታ ቁጥር ደግሞ የሚቆጣው እኔን ነው።

የምወደው ሰው ጀሶ ሠራተኛ ነው። ኮርኒስ ይለስናል፣ ጥግ ያወጣል፣ ስንጥቅ ይደፍናል። ልጄ መጀመሪያ ቀን ከራሱ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ስታየው ሰሌዳዋ ላይ «ጀሶ» ብላ ጻፈችለት፤ በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። እሷን ደግሞ ሁላችንም «አለቃ» ነው የምንላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የጉሮሮዋ መንገድ ጠባብ ስለሆነ አንገቷ ላይ በተተከለላት ቱቦ ነው የምትተነፍሰው። ቱቦው በአክታ ሲሞላ በመሳቢያ ማሽን ካልጠረግንላት ትታፈናለች። ድምፅ የላትም። የምትፈልገውን ትጽፋለች፣ ስትቸኩል አልጋዋን ትደበድባለች። ድምፅ የሌለው ሰው አንድ ቤት ሙሉ ሰው እንዲህ ማዘዝ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የዚያን ሰሞን ዝናብ የክፍሏን ኮርኒስ አበስብሶ ሻጋታ አወጣበት። ሐኪሟ አይቶ፣ «እስከ ሰኞ ካልተነሳ እኔ ጋ አስተኛታለሁ» አለኝ። እሱ ጋ ማለት ሆስፒታል ማለት ነው፣ ሆስፒታል ማለት ደግሞ ለአለቃ አንዴ ከገባች ወር የምትቆይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን ይዘን ቤቱን ገለበጥነው። አለቃን ሳሎን ሶፋው ላይ አነጠፍንላት፤ እማዬ የሻገተውን መጋረጃ ይዛ ማጠቢያ ክፍል ገባች፤ ጋሼ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ሊቀይር ወጣ፤ ጀሶ የበሰበሰውን ኮርኒስ አፍርሶ ሊሠራ መጣ።

ጋሼ ጀሶን እንደ ሰው አይጠላውም። «ጨዋ ነው፣ እጁም ይባረክ» ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እህቱ አጠገብ ሲቆም ነው። አባታችን የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር፣ እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ፋርማሲስት ነኝ። «የዲሬክተሩ ልጅ ለጀሶ ሠራተኛ!» የሚለውን ቃል አፉ ላይ አድርሶ ይመልሰዋል። ሲመልሰው ግን ይታያል።

የተዋወቅነው ከስምንት ወር በፊት የመድኃኒት ቤቱን ኮርኒስ ሊያድስ ሲመጣ ነው። አቧራው መድኃኒቶቼ ላይ እንዳያርፍ ልጮህበት ተዘጋጅቼ ስገባ፣ መደርደሪያዎቹን አንድ ሳይቀር በእርጥብ አንሶላ ሸፍኗቸው አገኘሁ። የምጮህበት ነገር አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ የምጮህበት ነገር ስፈልግ ነው የከረምኩት።

አሁን ስለ ሻርፑ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ውስጥ አራት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። እያንዳንዳችን አለቃን ሌላው እያያት ነው ብለን ነበር። ማንም አላያትም። ስንደርስላት ከንፈሯ ጠቁሯል። ተረፈች፤ እንዴት እንደተረፈች ዛሬም አላውቅም። በማግስቱ እማዬ ቢጫ ሻርፗን አምጥታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሻርፑ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ጠባቂ ነው። ስልክ አያነሳም፣ በር አይከፍትም፣ ከክፍሉ አይወጣም። ሲደክመው ሻርፑን አውልቆ በእጁ ሌላው አንገት ላይ ያደርጋል፤ መቼ እንደተሳበላት፣ ጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ስንት እንደሚያሳይና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ተናግሮ ያስረክባል። አለቃ ቤት ከሌለች ብቻ ሻርፑ ሳሎን በር እጀታ ላይ ይሰቀላል። እሷ እያለች እጀታው ላይ ከታየ ግን ማንም እየጠበቃት አይደለም ማለት ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እማዬ አንድ ቀን ሻርፑን ወንበር ላይ ጥላው ብትነሳ ሳምንት አኩርፌያታለሁ።

ይህን ሻርፕ ከእማዬና ከጋሼ በቀር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የአለቃ አባት ሻርፑን ሳያይ ነው የሄደው። ሁለት ዓመቷ ላይ፣ «የማሽኑ ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ወጣ። አሁን ጥሩ እንቅልፍ እንደሚተኛ እሰማለሁ።

ጀሶ ሦስት ጊዜ «አስተምሪኝ» ብሎኛል። ሦስቱንም ጊዜ «ያንተ ሥራ ኮርኒስ ነው» ብዬ በሳቅ አለፍኩት። የሳቅ ነገር አልነበረም። ከተማረ እደገፈዋለሁ፣ ከተደገፍኩት ደግሞ የሄደ ቀን እወድቃለሁ። አንዴ ወድቄ ተነስቻለሁ። ሁለተኛ የምነሳበት ጉልበት ያለኝ አልመሰለኝም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ጋሼ መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት ሻይ እየጠጣ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ጀሶሽ ነገ ይሄዳል» አለኝ።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ሐይቁ ዳር ሆቴል እየሠራን አይደል? የስምንት ወር የኮርኒስ ሥራ አለ። እኔ ነኝ ያገናኘሁት። መኪናው ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዚሁ በር ሲያልፍ ይወስደዋል።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹አስብበታለሁ› አለ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እኔ ላንቺ ክፉ አስቤ አላውቅም። ያኛው ሲሄድ ማን እንዳነሳሽ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ አላነሳሽም፤ ወገቤ አይችልም።»

ሳቅ ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሻዩ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ስገባ ጀሶ የአለቃን ክፍል በር በላስቲክ ሸፍኖ፣ በላዩ ላይ እርጥብ አንሶላ እየሰቀለ ነበር። አቧራ ወደ ሳሎን እንዳያልፍ። እጁን ከፍ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«የምትነግረኝ ነገር አለ?» አልኩት።

«አንቺስ? የምትነግሪኝ አለ?» አለኝ።

«እኔ ምን እነግርሃለሁ?»

«እሺ» አለ፣ ወደ አንሶላው ተመለሰ። አንድ ቃል ቢጨምር አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። አንድ ቃል አልጨመረም፤ እኔም አልጨመርኩም። እንዲህ ነው ሰው የምናበግነው፣ ሁለታችንም።

ከምሳ በኋላ ሻርፑ እኔ ጋ ነበር። አለቃ አሻንጉሊቷን አቅፋ ተኝታለች። ከላይ ጋሼ ይቀጠቅጣል፣ ከጓሮ ጀሶ የመጨረሻውን ከረጢት እያቦካ ነው። ጀሶ ከተቦካ ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። ይህን እኔም ከእሱ ጋር ሆኜ ተምሬዋለሁ።

በዚህ መሀል ጋሼ ከጣሪያው ላይ መጮህ ጀመረ። ቆርቆሮው ከእጁ አምልጦ ሊንሸራተት ነው፣ መሰላሉን የሚይዝለት ሰው የለም።

«ነይ! ኧረ ነይ ያዢልኝ! ልወድቅ ነው!»

«እማዬ! ወደ አለቃ ነይ!» ብዬ ተጣራሁ።

«እሺ፣ መጣሁ!» አለች ከማጠቢያው ክፍል።

እማዬ «መጣሁ» ካለች መጣች ማለት ነው ብዬ ሻርፑን አውልቄ ሮጥኩ። ወጥቼ መሰላሉን ያዝኩለት፣ እሱም ከላይ ሰደበኝ፣ እኔም ከታች ሰደብኩት። ቆርቆሮውን ሲያስተካክል ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዝገት እጄን ቆርጦኝ፣ ጸጉሬ ተበታትኖ፣ ደሜ ፈልቶ ተመለስኩ። ሳሎን ውስጥ እማዬ ሻርፑን አድርጋ ተቀምጣለች፣ አለቃ ነቅታ ኮርኒሱን ታያለች፣ መለኪያው ዘጠና አምስት ይላል። ሁሉ ደህና ነው። ኮሪደሩ ላይ ግን፣ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት፣ አንድ ባልዲ ጀሶ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ጀሶ ተንበርክኮ የሥራ ብረቱን ከውስጡ ሊነቅል ይታገላል።

ጋሼም ተከትሎኝ ገባ። «ይሄ ምንድነው?»

«ደረቀብኝ» አለ ጀሶ።

«ደረቀብኝ! ጀሶ እንደሚደርቅ ለጀሶ ሠራተኛ ማን ይንገረው? የመጨረሻው ከረጢት አይደለም እንዴ? ሱቁ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የት ሄደህ ነው?»

ጀሶ ብረቱን መወዝወዝ ቀጠለ። ጋሼ፣ «ባለሙያ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው» እያለ ተመልሶ ወጣ። እኔ ቀረሁ። የክፍሏ ጥግ ገና ክፍት ነው፣ ከላይ እንጨቱ ይታያል፣ ሰኞ ሐኪሙ አለ። ጠዋት የዋጥኩት ሻይ ከነምሬቱ ወጣ።

«ሐሳብህ ሐይቁ ዳር ደርሶ ነበር?» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ አልነገርከኝም። ይህ ይበቃኛል።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ከመኪናው መስኮት ላይ?»

«ስሚኝ፣ እኔ...»

«አልሰማም! ያኛው ቢያንስ የማሽኑን ድምፅ ሁለት ዓመት ሰምቶ ነው የሸሸው። አንተ ግን በቅጡ እንኳን ሳትሰማው ነው።»

አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ሳሎን፣ እማዬ አንገት ላይ ወዳለው ሻርፕ ሄደ፤ አፉን መልሶ ዘጋ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ጥፋተኛነት ነው ብዬ ተረጎምኩት። «ነገ ጥጉን እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ባልዲውን ከነድንጋዩ ተሸክሞ በጓሮ በር ወጣ።

ከሳሎን አለቃ የሶፋውን እንጨት ትደበድባለች። ስገባ ሰሌዳዋን ፊቴ ላይ አነሳችው። «ዝም በይ!» ይላል። ጩኸቱ ረብሿት ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰሌዳዋን አላወረደችም። ያን ቀን እስኪመሽ ልጄም አኮረፈችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ግማሽ ከረጢት ጀሶ ትከሻው ላይ ነበር። «እንደምን አደርሽ» አለኝ፣ «እግዜር ይመስገን» አልኩት፣ በዚህ አበቃ። ገብቶ ላስቲኩን ዘጋ። ከላስቲኩ ጀርባ ጥላው ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ይታየኝ ነበር። እኔም ቤት ውስጥ የተረፈ ሥራ የለም እስኪባል ድረስ ሠራሁ። የኩሽናው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል፣ አጠበቅኩት፣ ባሰበት። የቀለም ቆርቆሮ ስከፍት ክዳኑ ጫማዬ ላይ አረፈ። ጋሼ ትናንት የመታው ቆርቆሮ ዛሬም በሌላ በኩል ያፈሳል፤ እሱ ግን «የውኃው ችግር ነው» ይላል። መሳቅ አማረኝ፤ የሚያስቀኝ ሰው ግን ከላስቲኩ ጀርባ ነው።

ከምሳ በኋላ ሻርፑን ከእማዬ ተረክቤ አለቃ አጠገብ ተቀመጥኩና ደብተሩን አወጣሁ። የተሳበላትን ሁሉ በሰዓቱ የምንጽፍበት ደብተር ነው። እሁድ እሁድ የሳምንቱን ደምሬ ለሐኪሙ አዘጋጃለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሁሉም በእኔና በእማዬ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ቅዳሜ ላይ ስደርስ የገጹ የመጨረሻ መስመር በሰማያዊ አልነበረም። በወፍራም እርሳስ ነው። እንጨት ላይና ግድግዳ ላይ ምልክት የሚደረግበት፣ ጫፉ በቢላ የተጠረበ፣ ጠፍጣፋ የሠራተኛ እርሳስ።

«8፡15። 86 ነበር። ተስቧል። ነጭ፣ ወፍራም። አሁን 95።»

ሰማኒያ ስድስት። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። በሰማኒያ ስድስት ከንፈሯ መጥቆር ይጀምራል።

«እማዬ!» አልኩ። «ትናንት ስምንት ከሩብ ላይ ማነው የሳበላት?»

እማዬ ከኩሽና ብቅ አለች። «አንቺ ነሻ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

«ሻርፑን ማን ሰጠሽ?»

«ጀሶ ነዋ። መጋረጃውን ጨምቄ ስመጣ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ‹ስምንት ከሩብ ተስቧል፣ ዘጠና አምስት ነው፣ ቀጣዩ ዘጠኝ ሰዓት ነው እናቴ› ብሎ አንገቴ ላይ አደረገልኝ። አንቺ ነግረሽው የላክሽው መስሎኝ...» ፊቴን አይታ አቆመች። «አንቺ አልላክሽውም እንዴ?»

አልላክኩትም። እጄ አስታወሰኝ። ጋሼ «ልወድቅ ነው» እያለ ሲጮህ ሻርፑን አውልቄ፣ እማዬ መንገዷ ላይ እንድታገኘው ብዬ፣ እጀታው ላይ ነው የሰቀልኩት። እኔ! ሰውን ሁሉ በሕግ ቁም ስቅሉን የማሳየው እኔ። መለኪያው ሲጮህ በጋሼ መዶሻና በእኔ ስድብ መሀል ማንም አልሰማውም። አንድ ሰው ጀሶ የሞላ ባልዲ ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ እጀታው ላይ ቢጫ ነገር አየ። ባልዲውን እዚያው አስቀመጠው።

ወደ አለቃ ዞርኩ። ቀድሞውኑ እየጻፈች ነበር።

«ሁለት ጊዜ ነው እጁን የታጠበው» ይላል ሰሌዳው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

በእጅጌዋ አጠፋችው፣ ጻፈች። «እሱ አትንገሪያት አለኝ። ታለቅሳለች አለ።» አጠፋች። «ደብተሩ ላይ ግን መጻፍ አለብን፣ ለሐኪሙ ያስፈልጋል አለ።»

«እንዴት አወቀ? ማን አስተማረው?»

አለቃ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የከረመች ይመስላል። አሻንጉሊቷን አነሳችና አንገቷን አሳየችኝ። የላስቲክ አንገቷ ላይ በሚስማር የተበሳ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ውስጥ የጭማቂ መጠጫ ስትሮ ተሰክቷል። ለካስ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ስውል፣ እማዬ ሻርፑን አድርጋ ሹራብ ስትሠራ፣ አለቃና ጀሶ ጥግ ላይ «ይጫወቱ» ነበር። እማዬ፣ «የሐኪም ጨዋታ ነው ብዬ!» እያለች ደረቷን ያዘች።

ከአሻንጉሊቷ ቀሚስ ሥር አለቃ የታጠፈ ወረቀት አወጣችልኝ። ከጀሶ ከረጢት የተቀደደ፣ ቡናማና ሻካራ። ራሱ ላይ በእሷ ቀይ እርሳስ «ፈተና» የሚል አለ። መልሱ በዚያ በወፍራም እርሳስ ነው። መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ ጓንት፣ ቀጭኗን ቱቦ ከምልክቷ አለማሳለፍ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ማውጣት፣ ከዚያ ማሳረፍ፣ መለኪያውን ማየት፣ ደብተር ላይ መጻፍ። «ማሳረፍ» ሥር በቀይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ መጀመሪያ ረስቶት ኖሯል። ታች፣ የመጨረሻው ጥያቄ በእሷ እጅ ነው፦ «ለምን መማር ፈለግህ?»

የእሱ መልስ አንድ መስመር ነበር። «እናትሽ አንድ ቀን እንኳን ሌሊቱን ሙሉ እንድትተኛ።»

ከጎኑ በቀይ፣ በትልቁ፣ ዘጠኝ ከአሥር። ከሥሩ ደግሞ፣ «አንድ የተቀነሰው ልትጀምር ስትል ለአሻንጉሊቷ ስላልነገርካት ነው። እኔ ሁልጊዜ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ።»

ያለቀስኩትን ማልቀስ አልነግራችሁም። ሰው በሕይወቱ ብዙ የፍቅር ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። እኔ የደረሰኝ በጀሶ ከረጢት ላይ ነው፣ ለእኔም አልተጻፈም፣ ፍቅር የሚል ቃልም የለበትም። ትናንት የሰደብኩት ስድብ አንድ በአንድ እየተመለሰ ራሴ ላይ አረፈ።

ሰዓቱን ሳይ አሥር ተኩል አልፏል። የክፍሉ ላስቲክ ተነስቷል፤ ጥጉ አልቋል፣ እርጥቡ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ሳሎን ማደር ብቻ ነው የቀረን። በመስኮት ጀሶ ይታየኛል፤ ቦርሳውን አጠገቡ አድርጎ ጓሮ ቧንቧ ላይ መሣሪያዎቹን ያጥባል። ጋሼ የግቢው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ብድግ አልኩ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ቆምኩ። ሻርፑ አንገቴ ላይ ነው። ሻርፑ ያለበት ሰው ከክፍሉ አይወጣም። ሕጉን ማን እንዳወጣው ነግሬአችኋለሁ።

«እማዬ፣ ቶሎ ተቀበይኝ!»

እማዬ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። «እጄ እርጥብ ነው።»

«አድርቂውና ተቀበይኝ! ሊሄድ ነው እኮ!»

«አይደርቅም» አለች፣ ፍንክች ሳትል። «እኔ አልቀበልሽም ልጄ። ለሚገባው ስጪ።»

ተናድጄ መሬቱን በእግሬ መታሁት፤ እንደ ሕፃን። አለቃ በድምፅ አልባ ሳቋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የቀረኝ መስኮቱ ነው። በኃይል ከፈትኩት።

«ና!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ጋሼም አየኝ። ጀሶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መስኮቱ ሥር መጥቶ ቆመ። ቅንድቡ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ልጠርግለት ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሰማኒያ ስድስት ነበር።»

ገባው። ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ዘጠና አምስት ሆነ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን ዝም አልከኝ? እንደዚያ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ? ባልዲውን ጥዬ ልጅሽን አዳንኩልሽ አትለኝም?»

«ብልሽ ሻርፑን ከአንገትሽ ሁለተኛ አታወልቂውም ነበር። ተኝተሽም አታወልቂውም። በእኔ ብትቆጪ ይበርድልሻል። በራስሽ ስትቆጪ ግን አይበርድልሽም፣ አውቅሻለሁ።»

«ይህን ያህል ካወቅኸኝ ለምን ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ አላልኩም። አስብበታለሁ ነው ያልኩት።» አሁን ቀና ብሎ አየኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን ተቆጥቶ ነበር። «ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ሦስት ጊዜ ወደ ኮርኒሱ ጠቆምሽኝ። እሺ፣ በዚህ ቤት እኔ ኮርኒስ ብቻ ከሆንኩ፣ ኮርኒሱ ዛሬ አለቀ። ምን ብዬ ልቀመጥ? እስቲ ንገሪኝ።»

የመኪና ጥሩምባ ከበር ውጭ ጮኸ። «መጣ!» አለ ጋሼ። «ቶሎ በል፣ ሰው ጭኗል!»

እወድሃለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ያንን ቃል ያኛውም ሰምቶት ነበር፤ ሰምቶት ነው የሄደው። ለዚህኛው የሚያንስ መሰለኝ። ስለዚህ እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ፣ ቋጠሮውን ፈታሁ፣ በመስኮቱ ተንጠራርቼ ሻርፑን አንገቱ ላይ አደረግኩለት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስቧል» አልኩት። «ዘጠና ስድስት ነው። ቀጣዩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

ሻርፑን በሁለት ጣቱ ያዘው፤ እንዳያቆሽሸው። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

«መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚሄደው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያልሽኝ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያልኩህ።»

ዓይኑ ሞላ። «እጄን ልታጠብ» አለና ወደ ቧንቧው ሄደ። አንዴ ታጠበ፣ ነጭ ውኃ ወረደ። ሁለተኛ ታጠበ፣ ጥርት ያለ ውኃ ወረደ። በፊት በር ገባ፤ እኔ ወንበሩን ለቀቅኩለት፣ ተቀመጠ። አለቃ ሻርፑን ከላይ እስከ ታች አየችና የተጣመመውን ጫፍ አስተካከለችለት።

ጋሼ የግቢው በር ላይ እንደቆመ ነበር። በመስኮቱ ወደ ሳሎን አየ፣ ወደ መኪናው አየ፣ እንደገና ወደ ሳሎን አየ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ለሹፌሩ፣ «ሂድ፣ አንድ ሰው ጎድሏል» ሲል ሰማሁት። መኪናው ሄደ።

እኔ የቤቱ ደረጃ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አንገቴን በረደኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ጋሼ የቆሰለ ጣቱን እያሸ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ባልዲውን ለዚያ ነው የጣለው?» አለኝ።

«ለዚያ ነው።»

«ጥጉ ግን ትንሽ ጠማማ ነው» አለ።

«ጣሪያህ ያፈሳል፣ ጋሼ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ በታች እስክትወርድ እዚያው ተቀምጠን ቆየን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከውስጥ የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ተሰማኝ። ሁለት ጊዜ። የጓንት ድምፅ፣ ከዚያ የማሽኑ ቁልፍ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ፣ በቀስታ፣ አንድም ነገር እንዳይረሳ የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ።

«አለቃ፣ አሁን ልጀምር ነው።»

የሶፋው እንጨት አንዴ ተመታ። እሺ ማለቷ ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «አትገቢም?»

«አልገባም» አልኩት። ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ ደገፍኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።